ኮረብታው፣ መንበሩና መንግሥቱ፦ ስለ ቫቲካን ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሦስቱም «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩልኝ። ጽሑፉ ስለ ቫቲካን ነው። የጸሐፊው ስም የለበትም። አጻጻፋቸው ግን ጥሩ ነው፤ ሰው የሚያምናቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። «ቫቲካን» በላቲን የእባብ ሟርት ማለት ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ሮምን ረግጦ አያውቅም። የሮምን ቤተ ክርስቲያን የመሠረታት ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ያውም በ325 በኒቅያ ጉባኤ ላይ። እሱው ራሱ ሮምን ለጳጳሱ በአዋጅ አስረከበ፤ ጳጳሳቱም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቫቲካን ተቀምጠዋል። የዛሬዋ ቫቲካን የሙሶሎኒ ስጦታ ናት፤ ከ1929 በፊት አልነበረችም። በመጨረሻም፣ ኢትዮጵያዊ በዚያ ግቢ ቦታ ኖሮት አያውቅም።

እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። በተዋሕዶ ተጠምቄ በተዋሕዶ ያደግሁ ሰው ነኝ። በ451 በኬልቄዶን ከሮም የተለያየንበት ጉዳይ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ለሮም ጥብቅና ልቆም አልተነሣሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሰው የምንለይበትን ነገር ለልጆቻችን በውሸት ካስተማርናቸው፣ ውሸቱ የተገለጠ ቀን እውነቱንም አብረው ይጥሉታል። ይህ በቅርብ ሰዎቼ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ።

ጸሐፊው የተሳሳቱት ሦስት ነገሮችን አንድ በማድረጋቸው ነው። ቫቲካን የሚባል ኮረብታ አለ። ቅድስት መንበር የምትባል የሮም ጳጳስ መንበር አለች። የቫቲካን ከተማ የሚባል መንግሥትም አለ። የሦስቱ ዕድሜ አንድ አይደለም። ኮረብታው ከክርስትና ይቀድማል። መንበሩ ከመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕተ ዓመታት የመጣ ነው። መንግሥቱ ግን ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። ይህን ይዘን አንድ በአንድ እንሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ስሙ የእባብ ሟርት ማለት ነው»

«ቫቲስ» ሟርተኛ፣ «ካን» እባብ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ቃል በላቲን አለ። ሁለተኛው የለም። እባብ በላቲን «ሰርፔንስ» ወይም «አንጉዊስ» ነው። ለ«ካን» የሚቀርብ ቃል ከተፈለገ «ካኒስ» አለ፤ እሱ ግን ውሻ ነው።

ሮማውያን ከቲበር ወንዝ ማዶ ያለውን መሬት ቫቲካን ይሉት የነበረው ክርስትና ከመምጣቱ በፊት ነው። ከከተማው ቅጥር ውጪ ያለ ዳርቻ ነበር፤ ወይኑም በመጥፎነቱ የታወቀ ነበር። ስሙ ከየት እንደመጣ እነሱ ራሳቸው ይከራከሩበት ነበር። በ2ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አውሉስ ጌሊዮስ ከትንቢት ጋር የሚያያይዙትም፣ ሕፃን ሲወለድ ከሚያሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ጋር የሚያያይዙትም እንዳሉ ጽፏል። ፕሊኒ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ በዚያ አካባቢ አንድ ትልቅ እባብ ተገደለ ይላል። የእባቡ ወሬ ምናልባት ከዚያ ተነሥቶ ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ከዚህ ስም ተነሥቶ ስለ ሲኒማ ቤቱ ሥራ ፍርድ የሚሰጥ ሰው የለም። የቫቲካንንም በዚሁ እለፈው።

«ጴጥሮስ ሮምን ረግጦ አያውቅም»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ።

የጸሐፊው ማስረጃ አንድ ነው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 16 ብዙ ሰው በስም እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል፤ ጴጥሮስ ግን በዚያ ዝርዝር የለም። መልእክቱ የተጻፈው በ57 አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ጴጥሮስ ሮም አልነበረም ቢሉኝ እስማማለሁ። ከዚያ በኋላም አልሄደም የሚለውን ግን ከየት አመጡት?

ጸሐፊው እንደ እኔ የተዋሕዶ ልጅ እንደሆኑ ከአነጋገራቸው ይገባኛል። እንግዲያው ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሰኔን ጾም የምንፈታው መቼ ነው? ሐምሌ 5። የማን በዓል ነው? የጴጥሮስና የጳውሎስ። በዚያ ዕለት ስንክሳር ሲነበብ ቆሞ የሰማ ሰው ጴጥሮስ የት እንደሞተ ያውቃል። ሮም ላይ፣ በኔሮን ዘመን፣ ቁልቁል ተሰቅሎ። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ይህን ታውቃለች።

የዕለቱ ነገር ደግሞ ሁሌም ይደንቀኛል። ምዕራባውያን የሁለቱን ሐዋርያት በዓል የሚያከብሩት ጁን 29 ነው። በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ጁን 29 የሚውለው በእኛ ሐምሌ 5 ነው። አንድ ቀን ነው። ከሮም ጋር ከተለያየን ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። ያችን ቀን ግን እነሱም አልለቀቋት፣ እኛም አልለቀቅናት።

ስንክሳር አይበቃኝም ለሚል ሌሎች ምስክሮች አሉ። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ መጨረሻ «በባቢሎን ያለች» ቤተ ክርስቲያን ሰላም ትላችኋለች ይላል፤ ከማርቆስ ሰላምታ ጋር። የጥንት ክርስቲያኖች ባቢሎን ሲሉ ሮምን ማለታቸው እንደነበር ከራእየ ዮሐንስ እናውቃለን። በ96 አካባቢ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ የተላከው የቀሌምንጦስ መልእክት የጴጥሮስንና የጳውሎስን መከራ እንደ ቅርብ ጊዜ ነገር ያነሣል። የአንጾኪያው ጳጳስ አግናጥዮስ በ2ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለአውሬ ሊጣል ወደ ሮም ሲወሰድ ለሮም ክርስቲያኖች ጻፈላቸው። እንደ ጴጥሮስና እንደ ጳውሎስ አላዛችሁም አላቸው። ለምን እነዚህን ሁለቱን ጠራ? የሚያውቋቸው እነሱን ስለሆነ ነው።

ከሁሉ ግልጹ ጋይዮስ የተባለ የሮም ሰው በ200 አካባቢ የጻፈው ነው። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። ጋይዮስ ከአንድ ተከራካሪ ጋር ሲሟገት የሐዋርያቱን የድል ምልክት፣ ማለት የመቃብር መታሰቢያቸውን፣ ላሳይህ እችላለሁ ይለዋል። ወደ ቫቲካን ወይም በኦስትያ መንገድ ብትሄድ ታገኘዋለህ ይላል። ልብ በል፤ ቆስጠንጢኖስ ሊወለድ ገና ሰባ ዓመት ያህል ይቀረዋል።

ሌላም ነገር አለ። በጥንት ዘመን የሐዋርያ መቃብር ለአንድ ከተማ ትልቅ ክብር ነበር። የጴጥሮስ መቃብር እኔ ዘንድ ነው ያለ ሌላ ከተማ ግን አልነበረም። አንጾኪያ እንኳ የመጀመሪያ ጳጳሴ እሱ ነው እያለች መቃብሩን አልጠየቀችም።

አንድ ጊዜ ቫቲካን ላይ ካለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሥር የመውረድ ዕድል ገጥሞኛል። በጥቂት በጥቂቱ ነው ሰው የሚያስገቡት። ስትወርድ አየሩ ይሞቃል፣ ይረጥባል። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ትከሻህ ጡቡን ይነካል። ግራና ቀኝ የሮማውያን የመቃብር ቤቶች እንደ ሰፈር ተደርድረዋል። ደፋቸው አለ። የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ። ቀና ስትል ግን ጣሪያ የላቸውም። የቆስጠንጢኖስ ግንበኞች ጣሪያውን ቆርጠው፣ ቤቶቹን በአፈር ሞልተው፣ በላያቸው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ።

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ጠየቅሁ። ለምን እዚህ? ቦታው ተዳፋት ነው። በአንድ በኩል ኮረብታውን መቁረጥ፣ በሌላው በኩል አፈር መሙላት ነበረባቸው። መቃብር መንካት ደግሞ በሮም ሕግ ወንጀል ነበር። ሜዳ መሬት በአጠገቡ ነበር፤ የኔሮን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ እዚያው ጎን ነበር። ዛሬ በአደባባዩ መካከል የቆመው የግብፅ ሐውልት ያኔ ከዚያ ሜዳ ላይ ነበር፤ ወደ አሁኑ ቦታው ያዛወሩት በ1586 ነው። ንጉሥ ሜዳውን ትቶ ተዳፋቱን የመረጠው አንዲት የተወሰነች ነጥብ ላለመልቀቅ ነው። ያችን ነጥብ ያሳዩት የሮም ክርስቲያኖች ናቸው።

በመንገዱ መጨረሻ ላይ ቀይ ልስን ያለው ግድግዳ አለ። በእሱ ላይ የተደገፈች ትንሽ መታሰቢያ ተገኝታለች፤ በ160 አካባቢ የተሠራች ናት። ይህ የታወቀው ከ1940 እስከ 1949 በተደረገው ቁፋሮ ነው። የጋይዮስ የድል ምልክት እሷ ናት የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ እኔም አምናለሁ። የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1968 የጴጥሮስ አፅም ተለይቷል ብለው አስታወቁ። በአፅሙ ላይ ክርክሩ ዛሬም አለ። የእኔ ክርክር ግን በአፅሙ ላይ አልቆመም። መቃብሩ በዚያ ቦታ ከቆስጠንጢኖስ 160 ዓመት ያህል ቀድሞ ይከበር ነበር። ለጸሐፊው መልስ ይህ ይበቃል።

ለጸሐፊው የምለቅላቸው ነገርም አለ። ጴጥሮስ ሮምን 25 ዓመት በጳጳስነት መራ የሚለው ትውፊት ደካማ ነው። እሱ ከመድረሱ በፊት ሮም ውስጥ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የጳውሎስ መልእክት ራሱ ምስክር ነው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የሮምን ጉባኤ የመሩት አንድ ጳጳስ ሳይሆኑ ብዙ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። አንድ ጳጳስ በግልጽ የሚታየው በ2ኛው ምዕተ ዓመት ውስጥ ነው። መቃብሩ ሮም መሆኑም ለሮም ጳጳስ በዓለም ሁሉ ላይ ሥልጣን ይሰጠዋል ወይ? አባቶቻችን አይሰጠውም ብለዋል። እዚህ ላይ እንከራከር። የምንከራከረው ግን ጴጥሮስን ከሮም አስወጥተን መሆን የለበትም።

«ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ መሠረታት»

በ251 የሮም ጳጳስ ቆርኔሌዎስ ለአንጾኪያው ጳጳስ ደብዳቤ ጻፈ። በውስጡ ቤተ ክርስቲያኑን ይቆጥርለታል። 46 ቀሳውስት። 7 ዲያቆናት፣ 7 ንፍቅ ዲያቆናት። 42 ረዳቶች። 52 አጋንንት አውጪዎች፣ አንባቢዎችና በረኞች። ቤተ ክርስቲያኗ የምትመግባቸው ከ1500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች። ይህ በስደት ዘመን ነው። ቆርኔሌዎስን የቀደመው ጳጳስ ፋቢያኖስ ከአንድ ዓመት በፊት ለእምነቱ ሞቷል። እነዚያ 1500 ድሆች ምግባቸውን የሚቀበሉት ከማን ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኗ ገና ከ74 ዓመት በኋላ የምትመሠረት ከሆነ?

ኒቅያንም እንየው። የሮሙ ጳጳስ ሲልቬስትሮስ እዚያ አልተገኘም። ሁለት ቀሳውስት ነው የላከው። ጉባኤው በስድስተኛው ቀኖና የእስክንድርያን፣ የሮምንና የአንጾኪያን ሥልጣን ያነሣል። የጥንቱ ልማድ ይጽና ነው የሚለው። ከጉባኤው በፊት የነበረን ነገር አጸና እንጂ አዲስ አልፈጠረም።

«ካቶሊክ» የሚለውን ቃል ጸሐፊው የኒቅያ ፈጠራ ያደርጉታል። አግናጥዮስ ከኒቅያ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ተጠቅሞበታል። የግሪክ ቃል ነው፤ በሁሉ ያለች ማለት ነው። እኛም በየቅዳሴው እንለዋለን። «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት።» ያ «እንተ ላዕለ ኵሉ» የሚለው በግሪኩ ካቶሊክ የሚለው ነው። ቃሉ የሁላችንም ነው።

ክርስትናን የሮም መንግሥት ሃይማኖት ያደረገውም ቆስጠንጢኖስ አይደለም። እሱ በ313 ስደቱን አቆመ፣ ነፃነት ሰጠ። የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገው ቴዎዶስዮስ ነው፤ በ380። በአዋጁ ላይ የትክክለኛ እምነት መለኪያ አድርጎ የጠራቸው ሁለት አባቶች የሮሙን ደማስዮስንና የእስክንድርያውን ጴጥሮስን ነው። በዚያ ጊዜ ሮምና እስክንድርያ ገና በአንድ ማዕድ ላይ ነበሩ።

«ሮምን በአዋጅ አስረከባቸው፤ ከዚያ ጀምሮ ቫቲካን ተቀምጠዋል»

ጸሐፊው የጠቀሱት አዋጅ «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» የሚባለው ሰነድ ነው። ሰነዱ ሐሰተኛ ነው። የተጻፈው በ8ኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ፣ ቆስጠንጢኖስ ከሞተ አራት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ይህን በ1440 ያጋለጠው ሎሬንዞ ቫላ የተባለ ጣሊያናዊ የቋንቋ ሊቅ ነው። ላቲኑ የዘመኑ ላቲን አይደለም አለ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ሮም ውስጥ ያልነበረ የሹመት ስም አለበት አለ። ቁስጥንጥንያ ገና መንበር ሳትሆን እንደ መንበር ተጠቅሳለች አለ። ቫላ ካቶሊክ ነበር፤ በኋላም በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። የሮም ሰዎች በዚህ ሰነድ ለብዙ ዘመን መጠቀማቸው አሳፋሪ ነው። ይህን ሳልሸሽግ እላለሁ። ግን ዛሬ እነሱ ራሳቸው የተዉትን ሰነድ እውነት ነው ብሎ ማስነሣት ለማን ይጠቅማል?

ጳጳሳቱ እንደ ንጉሥ ግዛት ማስተዳደር የጀመሩት የፍራንኮች ንጉሥ ፔፒን በ756 በጦር የያዘውን ምድር ሲሰጣቸው ነው። ቆስጠንጢኖስ በእርግጥ የሰጣቸው ሌላ ነው፤ ላተራን የሚባለው ቤተ መንግሥት። ቫቲካን ከቲበር ማዶ ነው። ላተራን በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ነው። እዚያ ጠላቱን ደግፈው የወጉት ፈረሰኞች ሰፈር ነበር። አፍርሶ በላዩ ባዚሊካ ሠራ። ጳጳሳቱ አንድ ሺሕ ዓመት ያህል የኖሩት እዚያ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ቫቲካን ሰው ወደ መቃብሩ የሚሳለምበት ቦታ ነበር እንጂ ዋና መቀመጫቸው አልነበረም።

ዛሬም የሮም ጳጳስ ካቴድራል የላተራኑ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙ ሰው ቅዱስ ጴጥሮስ ይመስለዋል። በላተራኑ ደጅ «የከተማይቱና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እናትና ራስ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ሊዮን 14ኛ በ2025 ሲመረጡ በሜይ 25 ሄደው መንበሩን የተረከቡት እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የስደት ታሪክ ነው። ከ1309 ጀምሮ ጳጳሳቱ በፈረንሳይ ደቡብ አቪኞን ተቀመጡ። እነሱ በሌሉበት ላተራን በእሳት ተጎዳ። በ1377 ጎርጎርዮስ 11ኛ ሲመለሱ ቫቲካን ገቡ፤ ቫቲካን ዋና መኖሪያ የሆነው ያኔ ነው። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ብዙ ጳጳሳት ክዊሪናል በሚባለው ቤተ መንግሥት ኖረዋል። ዛሬ የጣሊያን ፕሬዚዳንት ይኖሩበታል። ሁላችንም በፎቶ የምናውቀው የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃም የቆስጠንጢኖስ አይደለም። የእሱን አፍርሰው የአሁኑን በ1506 ጀመሩ፤ የተመረቀው በ1626 ነው።

ታዲያ መንበሩ የት ነበር ይባላል? ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ከባድ አይደለም። የእስክንድርያው መንበረ ማርቆስ ከ11ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ካይሮ ነው ያለው። ፓትርያርኩ ግን የእስክንድርያ ነው የሚባለው። የእኛስ? ፓትርያርካችን እጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት ይባላሉ። የእጨጌው መንበር ደብረ ሊባኖስ ነበር። በጎንደር ዘመን አዘዞ ሆነ። ኋላ አዲስ አበባ ገባ። መንበሩ በየሄደበት ያው መንበር ነው። ሮማውያንም ስለ መንበራቸው የሚሉት ይህንኑ ነው።

«ቫቲካን የሙሶሎኒ ሥራ ናት»

ጸሐፊው ከላይ ጳጳሳቱ ከቆስጠንጢኖስ ጀምሮ ቫቲካን ተቀምጠዋል ብለው ነበር። እዚህ ደግሞ ከ1929 በፊት ቫቲካን አልነበረችም ይላሉ። መንግሥቱን ለማለት ከሆነ ልክ ናቸው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1929 ሙሶሎኒና የጳጳሱ ተወካይ ካርዲናል ጋስፓሪ በላተራን ቤተ መንግሥት ውል ፈረሙ። ጣሊያን ለጳጳሱ የሰጠችው ይህ ነው። 44 ሄክታር መሬት፣ 750 ሚሊዮን ሊሬ በጥሬ፣ 1 ቢሊዮን ሊሬ በቦንድ። የቫቲካን ከተማ የሚባለው መንግሥት የተወለደው በዚያ ነው።

ግን ከዚያ በፊት ምን ነበር? የጣሊያን ጦር በሴፕቴምበር 20 ቀን 1870 የሮምን ቅጥር በመድፍ ጥሶ ገባ። ፒዮስ 9ኛ ግዛታቸውን አጡ። ቫቲካን ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ «የቫቲካን እስረኛ» ነኝ አሉ። እሳቸውና ተከታዮቻቸው ለ59 ዓመት እንደዚያ ቆዩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጋሻ መሬት አልነበራቸውም። መንበሩ ግን አልተዘጋም።

ምስክሩ እኛው ዘንድ አለ። ዓድዋ በ1896 በማርች ሆነ። በዚያው ዓመት ሊዮን 13ኛ ለአፄ ምኒልክ ደብዳቤ ጻፉ። የጣሊያን ምርኮኞች እንዲለቀቁ ለመኑ። ደብዳቤውን ከግብፅ የመጡ ቄርሎስ መቃርዮስ የሚባሉ የቅብጥ ካቶሊክ ጳጳስ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው። ምርኮኞቹን ግን ወዲያው አልለቀቁም። በመካከሉ ጣሊያን መሣሪያ የጫነች የሆላንድ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ይዛ ስለነበር ጠብ ያልበረደለትን ወገን እንዴት ልመን ብለው በጨዋ ቃል መለሱ። ምርኮኞቹ የተለቀቁት በጥቅምቱ የአዲስ አበባ ውል ነው።

እንግዲህ ልጠይቅ። ምኒልክ ደብዳቤ የተለዋወጡት ከማን ጋር ነበር? የቫቲካን ከተማ የሚባል መንግሥት አልነበረም። ሙሶሎኒ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ምኒልክ የጻፉት ለመንበሩ ነው። ዛሬም አምባሳደሮች የሚላኩት ወደ ቅድስት መንበር ነው እንጂ ወደ ቫቲካን ከተማ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ1964 ጀምሮ በታዛቢነት የተቀመጠችውም ቅድስት መንበር ናት። ሁለቱን መለየት የቃላት ጨዋታ አይደለም።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል የተቆጡበት ግን እውነተኛ ቁስል አለ። እኔም እቆጣበታለሁ። በኦክቶበር 28 ቀን 1935 የሚላኑ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ኢትዮጵያን የወረረውን ጦር አሞገሱ። ለካቶሊክ እምነት በር የሚከፍት ጦር ነው አሉ። ከሁለት ዓመት ሳይሞላ በሜይ 1937 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጥይት አለቁ። ፒዮስ 11ኛ ወረራው ከመጀመሩ በፊት ስለ ወረራ ጦርነት የሚያስጠነቅቅ ቃል ተናግረው ነበር። ሲታተም ግን ለስልሶ ወጣ፤ በኋላም ወረራውን በግልጽ አላወገዙም። ይህ መነገር አለበት፤ በስምና በቀን። የ1935ን በደል ወደ 325 ወስደን ከእባብና ከሟርት ጋር ስናደባልቀው ግን ማንም ሰው አንብቦ ተረት ነው ብሎ ያልፈዋል። የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታት ደም ከተረት ጋር መደባለቅ አይገባውም።

«ኢትዮጵያዊ በዚያ ግቢ ቦታ ኖሮት አያውቅም»

ይህንን ሳነብ በጣም አዘንኩ። የራሳችንን ሰዎች ነው የረሱት።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ። ስሙ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በሩ ላይ መስቀል የያዘ በግ ተቀርጿል። የአሁኑ ባዚሊካ ሲሠራ በዙሪያው ያለው ብዙ ነገር ሲፈርስ እሱ ተረፈ፤ ከባዚሊካው ይበልጣል ዕድሜው። ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። በኢየሩሳሌም በኩል በእግርና በመርከብ የመጡ አባቶች እዚያ ኖረዋል፣ በግዕዝ ቀድሰዋል፣ እዚያም ተቀብረዋል። በግዕዝ ፊደል ከታተመ መጽሐፍ ሁሉ የመጀመሪያው የ1513ቱ መዝሙረ ዳዊት ነው። የታተመው ሮም ነው፤ ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ግዕዝ የተማረው ከእነዚህ መነኮሳት ነው። ዛሬም ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ በዚያው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ነው ያለው፤ በቅጥሩ ውስጥ ሌላ ኮሌጅ የለም።

ከሁሉ የምወዳቸው አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በግራኝ ጦርነት ዘመን ከሀገር ወጥተው ሮም ደረሱ። ሮማውያን ፒዬትሮ ይሏቸው ነበር፤ ጴጥሮስ ማለት ነው። ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ደብረ ሊባኖስ በእሳት ጋይቶ፣ መጻሕፍት በየቦታው ከተቃጠሉ በኋላ ነው ይህን ያደረጉት። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። የሚያትሙት ሰዎች ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም፤ እኛም ማተም አንችልም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ሠራነው፤ ስሕተት ብታገኙ አትፍረዱብን ይላሉ።

የመቃብራቸው ድንጋይ እዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ አለ። ጽሑፉ በላቲንና በግዕዝ ነው። ከጴጥሮስ መቃብር እስከዚያ ድንጋይ ድረስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።